ወደ ኋላ መዞር

ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ነበርን፣
አራት እጅ፣ አንድ ጉሮሮ፣ አንድ ሣጥን ይዘን።
ዊኒፔግ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ምድር ቤት፣
ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ እያሳለ ሌሊት፣
ቶራ ትዘፍናለች፤ እኔ ኪቦርድ እነካለሁ፤
ከበሮ መቺያችንን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ።

የጫማ ሣጥን ያህላል።
አይጠጣም፣ አያረፍድም፣ ደሞዝ አይጠይቅም፣
ልቡ አይደነግጥም።
መቶ ሃያ ካልነው፣ እሱም መቶ ሃያ፣
ካቆምንበት ቦታ ንቅንቅ የለም ወዲያ።
«ሰው እንዲህ ቢታመን» ትል ነበር ቶራ፣
«ባል አገባ ነበር፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ ሳልፈራ።»

ሕዝቡም ይመጣ ነበር፣ ሰላሳ አርባ የሚሆን፣
ካፖርቱን ሳይፈታ፣ ጉሮሮውን ሸፍኖ በሻርፑ ጥቅልል፣
ራሱን ይነቀንቃል።
ይስማማል እንጂ አይጨፍርም።

ፌብሩዋሪ ነበር። ብራንደን። ከዜሮ በታች ሰላሳ አንድ፤
ከቫኑ ሳወርደው ሣጥኑ ውርጭ ያደረበት ግንድ።
ሰካሁት።
ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። ደግማ አልበራች።
ተነፈስኩበት፣ አሸሁት፣ እንደ በረደው የሕፃን እጅ፣
ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ጠናሁለት ደጅ፤
ያኔ ነው ብርጭቆ አጣቢው፣ ዴጃርሌ የሚሉት ልጅ፣
ሽርጡን ሳያወልቅ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ አረፋ፣
ጥግ ላይ የተረሳው ድራም ላይ ሄዶ የተደፋ።
«ቀጥሉ» አለ።
ሌላ ቃል አልወጣውም።

ጀመርን። እሱ «አንድ» ላይ ገና አልደረሰም፤
ዘገየ። ከዚያ ሮጠ። ጥሎን አለፈ፤
ሲምባሉን በማይመታበት ቦታ መታው፣ ደገመው፣ ገረፈ።
ዘፈኑ ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ጋሪ ተንጓጓ፣
የኔ ኪቦርድ ላዩ ላይ እንደ ልቅ ሻንጣ ተናጋ።

ቶራም ዞረች።
ወደ ኋላ።

ስድስት ዓመት ዞራ አታውቅም።
ምን ልታይ? ከኋላችን ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አይስቅም።
ዞረች። ልጁ ሳቀላት። ሳቀች።
አንድ ስንኝ ሙሉ ሳትዘፍን አለፈች።
ከፊት የቆመ ሰው ካፖርቱን ሲያወልቅ አየሁ፤
ሆዴን ለምን እንደ ቆረጠኝ እስካሁን እጠይቃለሁ።

ከዚያማ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ማን ያቆመዋል?
ዴጃርሌ መጣ፤ የአክስቱ ልጅ ቤዙን አንግቦ ተከተለ፤
ቶራ ጊታር አንጠልጥል አለችኝ፣ አንጠለጠልኩ፤
ፕላስቲክ የለመዱ ጣቶቼን ሽቦ ሲነካቸው፣ በእጄ አነከስኩ።
በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ቋጠሩ።
በአምስተኛው ፈነዱ።

ወይዘሮ ሃላሩክ፣ የቤቱ ባለቤት፣
ስድስት ዓመት በማዳመጫ ስንለማመድ መኖራችንንም ያልሰሙት፣
አሁን ከላይ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ፣
ምቱን ሳይስቱ።
ዴጃርሌ ያዳምጥና «ከኔ ይሻላሉ» ይላል።

አንድ ማታ ደግሞ፣ በር ላይ፣ የድሮ ወዳጃችን፣
ደረቱ ላይ እየደበዘዘ የታተመ ስማችን፣
«ቆሸሻችሁ» አለኝ። «መስተዋት ነበራችሁ።»
የጣቴን ፕላስተር እየላጥኩ ሰማሁት።
ቆሽሸናል፤ ምን እላለሁ?
ቢራ ልጋብዝህ አልኩት። አልፈለገም።

ለቶራ ያልነገርኳት አለ።
ሳርጀንት ጎዳና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሠላሳ አምስት ዶላር ተቀብሎ
ሣጥኑን አስነስቶልኛል።
ትናንት ሌሊት አወረድኩት፣ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣
መቶ ሃያ ላይ አቆምኩት፤ የድሮውን ዘፈን ጀመርኩ።

አልገጠምንም።
ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጥዬው ሄጃለሁ፤
ቆሜ ጠበቅሁት፤ እንደገና ቀደምኩት።
እሱ አልተሳሳተም፤ ያው እንደ ጥንቱ ነው፣ እንደ ተውኩት።

ዞርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ የሚስቅልኝ ፊት ፍለጋ፤
ቀይዋ መብራት ብቻ፣
ብልጭ፣ ብልጭ፣
እስኪነጋ።